ለደሴና ለኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች፦ የኤክሴል መጠባበቂያ ፋይሎች ባለቤት ይኑራቸው

ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ መሥሪያ ቤቶች፣ ጤና ተቋማት፣ ትምህርት ቤቶችና የግል ድርጅቶች ኃላፊዎች፤ ለሒሳብ፣ ለግዥ፣ ለንብረትና ለሰው ሀብት ባለሙያዎች፤ እንዲሁም በኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ ለተሰማራችሁ

ጉዳዩ፦ የኤክሴልና መሰል ፕሮግራሞች መጠባበቂያ ፋይሎች በኃላፊነት እንዲያዙ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ደመወዝ የሚሰላው፣ ንብረት የሚመዘገበው፣ የተማሪ ውጤት የሚደመረው፣ የመድኃኒት ክምችት የሚቆጠረው በአብዛኛው በኤክሴል ነው። ትልቅ የሒሳብ ሥርዓት ባለበት መሥሪያ ቤት እንኳ ቁጥሩ ወደ ሥርዓቱ ከመግባቱ በፊት በኤክሴል ይሰናዳል። ፋይሉ የጠፋ ዕለት ደግሞ «ኤክሴል ራሱ ያስቀምጠው የለ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ያስቀምጣል፤ ነገር ግን የሚያስቀምጠው ፕሮግራሙ ድንገት ቢዘጋ ለመነሻ የሚሆነውን ያህል ነው። ለሰው ስህተት፣ ለተበላሸ ዲስክና ለተሰረቀ ኮምፒውተር የሚሆን ቅጂ ሰው ካልያዘው በቀር የለም። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ይህ ሥራ በስሙ በደብዳቤ የተሰጠው ሰው እንዲኖር እንጠይቃለን። ሥራው ምን ምን እንደሆነም ከዚህ በታች በዝርዝር አቅርበናል።

በቅድሚያ ኦቶሪከቨር የሚባለውን እንመልከት። ይህ ኤክሴል መብራት ሲጠፋ ወይም ፕሮግራሙ ሲንጠለጠል ሥራውን መልሶ ለማሳየት የሚይዘው ጊዜያዊ ቅጂ ነው። ካልቀየራችሁት በቀር በየ10 ደቂቃው ይይዛል። ሆኖም 10 ደቂቃው እንደሞላ ወዲያው አይጽፍም፤ ፕሮግራሙ ለ30 ሰከንድ ያህል ሥራ እስኪፈታ ይጠብቃል። ከወረቀት ላይ እያየ ያለማቋረጥ ቁጥር የሚያስገባ ባለሙያ መብራት ሲጠፋበት ከ10 ደቂቃ የበለጠ ሥራ ሊያጣ የሚችለው ለዚህ ነው። ማስተካከያው «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ሴቭ» የሚለው ገጽ ላይ ይገኛል። የኦቶሪከቨር ሳጥን ምልክት የተደረገበት መሆኑን አይታችሁ 10ን ወደ 5 ወይም ወደ 3 አውርዱት። ወደ 1 ማውረድ አንመክርም፤ ብዙ ሺህ ረድፍና ቀመር ያለበት ፋይል ቅጂ በጻፈ ቁጥር ለአፍታ ስለሚቆም ሠራተኛው ተማሮ ጭራሹን ያጠፋዋል። ከሥሩ ያለው፣ ሴቭ ሳይደረግ ለተዘጋ ፋይል የመጨረሻውን ቅጂ እንዲያቆይ የሚያዘው ሳጥንም ምልክት ይደረግበት። ወረድ ብሎ ደግሞ ለዚያ ፋይል ብቻ ኦቶሪከቨርን የሚያጠፋ ሳጥን አለ። ይህ ምርጫ ከፋይሉ ጋር ስለሚጓዝ፣ ከሌላ ቦታ በተላከላችሁ ቅጽ ላይ እናንተ ያልነካችሁት ምልክት ልታገኙ ትችላላችሁ። አዲስ ቅጽ ሲመጣ ይህን ሳጥን ማየት ልማድ ይሁን።

ብዙዎች የሚስቱት ግን እዚህ ላይ ነው፦ ፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ በሰላም ስትዘጉት ኤክሴል የኦቶሪከቨሩን ቅጂ ይሰርዘዋል። ሥራው አልቋል ብሎ ነው የሚቆጥረው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የስም ዓምዱን ብቻ በፊደል ተራ ቢያስተካክልና የደመወዙ ዓምድ ባለበት ቢቀር፣ የአንዱ ስም ከሌላው ደመወዝ ጋር ይጣመራል። ሴቭ አድርጎ ከዘጋው በኋላ ኦቶሪከቨር የሚመልስለት ነገር የለም። ጠቅላላ ድምሩ ስለማይለወጥ ስህተቱ በዚያው ቀን ላይታይም ይችላል።

ጨርሶ ስም ሳይሰጠው የተዘጋ አዲስ ፋይል ሌላ መንገድ አለው። «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ማኔጅ ወርክቡክ»፣ ከዚያ «ሪከቨር አንሴቭድ ወርክቡክስ» ብላችሁ ታገኙታላችሁ። እዚያ የሚቆየው ለ4 ቀን ያህል ነውና ዓርብ የጠፋውን ለሚቀጥለው ሳምንት አታሳድሩት። ጉዳዩ የጽሕፈት ቤቶችንም ይመለከታል። ፒያሳም ሆነ ሌላ ቦታ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ አገልግሎት የምትሰጡ ወገኖች፣ ደንበኛው ያስጻፈው የደመወዝ ዝርዝር ወይም የታካሚ መዝገብ ሴቭ ሳይደረግ ቢዘጋም በዚሁ ቦታ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ሊከፍተው ይችላል። አዲስ ባዶ ፋይል ከፍታችሁ በዚያው «ማኔጅ ወርክቡክ» ውስጥ ያልተቀመጡትን በሙሉ የሚሰርዘውን ትእዛዝ በየምሽቱ ተጠቀሙ። የሰው ገመና መጠበቅ የአገልግሎታችሁ አካል ነው።

የኦቶሪከቨር ቅጂዎች የሚቀመጡት በሲ ድራይቭ ላይ፣ በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም ሥር፣ «አፕዳታ» በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ከዚያ «ሮሚንግ»፣ «ማይክሮሶፍት»፣ «ኤክሴል» እያላችሁ ትገባላችሁ። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሠራተኞች በተለያየ የተጠቃሚ ስም የሚገቡ ከሆነ፣ የአንዱ ቅጂ ለሌላው አይታይም። ጠዋት ሥራው የተቋረጠበት ሠራተኛ ራሱ በራሱ ስም ገብቶ መፈለግ አለበት። ሁለተኛው የባሰ ነው። ኮምፒውተር ሲያስቸግር «ፎርማት ይደረግ» ይባላል፤ ባለሙያውም «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ብሎ ሲን ያጸዳዋል። በዚያን ጊዜ የኦቶሪከቨር ቅጂዎች ብቻ ሳይሆኑ ዴስክቶፕ ላይና «ዶክዩመንትስ» ውስጥ የተቀመጠውም ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ሁሉም ያሉት ሲ ላይ ነውና። ከፎርማት በፊት የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፎልደር አፕዳታን ጨምሮ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልበጥ፤ የተገለበጠውን ሠራተኛው ራሱ ከፍቶ አይቶ ይፈርም።

ዲን ካነሳን አይቀር፦ ሲ እና ዲ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ከሲ ወደ ዲ የተገለበጠ ፋይል ከፎርማት ይተርፍ ይሆናል፤ ዲስኩ ከሞተ ወይም ኮምፒውተሩ ከተሰረቀ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

አሁን ኤክሴል በእርግጥ «ባክአፕ» ብሎ ወደሚጠራው እንምጣ። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ሲሆን በየፋይሉ ካልተከፈተ አይሠራም። ፋይሉን ከፍታችሁ ኤፍ12ን ተጫኑ፤ የ«ሴቭ አዝ» መስኮት ይመጣል። ከ«ሴቭ» ቁልፍ አጠገብ ያለውን «ቱልስ» ከፍታችሁ «ጄኔራል ኦፕሽንስ» ግቡ፤ «ኦልዌይስ ክሪኤት ባክአፕ» ላይ ምልክት አድርጋችሁ «ኦኬ» በሉ፤ ከዚያ በዚያው ስም ሴቭ አድርጉ። ከዚህ በኋላ ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር የቀድሞው ፋይል «ባክአፕ ኦፍ» የሚል ቃል ከስሙ በፊት ገብቶለት፣ ኤክስቴንሽኑም (ከስሙ መጨረሻ፣ ከነጥብ በኋላ ያለው የፋይሉን ዓይነት የሚናገረው ፊደል) ኤክስ-ኤል-ኬ ሆኖ፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል።

ይህ ቅጂ የያዘው ከመጨረሻው ሴቭ በፊት የነበረውን ነው። አንድ ሴቭ ወደኋላ፤ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ስህተቱን ያየ ሰው ደንግጦ ኮንትሮል ኤስን ደግሞ ከተጫነ፣ የተበላሸው ፋይል ወደ ኤክስ-ኤል-ኬው ይገባና ጥሩው ለዘለቄታው ይጠፋል። ትእዛዙ እንዲህ ይሁን፦ ስህተት ስታዩ ሴቭ አታድርጉ፤ ፋይሉን ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት፤ ኤክስ-ኤል-ኬውን ወደ ሌላ ፎልደር ገልብጡ፤ የተገለበጠውን ኤክስቴንሽን እንደ ዋናው ወደ ኤክስ-ኤል-ኤስ-ኤክስ ቀይሩና ክፈቱ። ዋናው ማክሮ (በፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ) ያለበት ከሆነ ኤክስ-ኤል-ኤስ-ኤም፣ የድሮ ዓይነት ከሆነ ኤክስ-ኤል-ኤስ ይሆናል። ስሙን ሳትቀይሩ ብትከፍቱት ኤክሴል የፋይሉ ዓይነትና ኤክስቴንሽኑ እንደማይገጥሙ ያስጠነቅቃል፤ የራሳችሁ ፋይል መሆኑን ካወቃችሁ «የስ» ብትሉት ይከፈታል። ኤክስቴንሽን አይታየኝም የሚል ካለ፣ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ሥር «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ያብራ።

በዚህ ዘዴ ላይ አንድ የምንፈራው ነገር አለ። የደመወዝ ፋይሉን ዛሬ በፓስወርድ ብትቆልፉት፣ ጎኑ ያለው ኤክስ-ኤል-ኬ ትናንት ያልተቆለፈው ፋይል ነው። ማንም ሊከፍተው ይችላል። ፓስወርድ ካስገባችሁ በኋላ አንዲት ትንሽ ለውጥ አድርጋችሁ ለሁለተኛ ጊዜ ሴቭ ካደረጋችሁ መጠባበቂያውም የተቆለፈው ይሆናል። ፎልደሩን ሙሉውን ለኦዲተር ወይም ለሌላ ክፍል ስትልኩም ኤክስ-ኤል-ኬዎቹ አብረው እየሄዱ እንዳይሆን ተመልከቱ።

ሌላው የክምችት ጉዳይ ነው። የባክአፕ ምልክቱ ፋይሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ የመስከረምን ፋይል የጥቅምት ብላችሁ በአዲስ ስም ብታስቀምጡት ምልክቱ አብሮ ይተላለፋል። በዓመቱ መጨረሻ ፎልደሩ በ12 ወር ፋይልና በየአንዳንዱ ኤክስ-ኤል-ኬ ይሞላል፤ ከዚያ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ያልገባው ሰው ዋናውን ትቶ መጠባበቂያውን ያትማል። ወሩ ተዘግቶ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ፣ ፋይሉም ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጡ ከተረጋገጠ በኋላ የዚያን ወር ኤክስ-ኤል-ኬ ሰርዙት። ሥራው እየተሠራ ሳለ ግን አይነካ።

ፎልደር ውስጥ የሚታይ ትንሽ ፋይል ሁሉ ደግሞ መጠባበቂያ አይደለም። በማዕበል ምልክትና በዶላር ምልክት የሚጀምረው ፋይሉ በሰው እጅ ክፍት መሆኑን የሚናገር ምልክት ብቻ ነው፤ ውስጡ ሠንጠረዥ የለውም፤ ፋይሉ ሲዘጋ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ በመብራት ከጠፋ ግን ሳይሰረዝ ይቀርና ፋይሉ «በሌላ ሰው ተይዟል» ሊያሰኝ ይችላል። ማንም አለመክፈቱን አረጋግጣችሁ ሰርዙት።

ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ ስምንት ሆሄያት ያሉት፣ ኤክስቴንሽን የሌለው እንግዳ ፋይል ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ኤክሴል ሴቭ ሲያደርግ መጀመሪያ በእንዲህ ያለ ጊዜያዊ ስም አዲስ ፋይል ይጽፋል፤ ጽፎ ሲጨርስ የድሮውን አንስቶ አዲሱን በዋናው ስም ይሰይመዋል። ፍላሽ በመሃል ከተነቀለ ወይም መብራት በዚያች ቅጽበት ከሄደ፣ በዋናው ስም የሚጠራ ፋይል ጠፍቶ ይህ ስም የለሽ ፋይል ብቻውን ሊገኝ ይችላል። ባለማወቅ «ቫይረስ ነው» ተብሎ ይሰረዛል፤ የተሰረዘው ግን ሥራው ራሱ ነው። ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡት፤ በግልባጩ ላይ ኤክስ-ኤል-ኤስ-ኤክስ ጨምሩና ክፈቱ። እምቢ ካለ ኤክሴልን ከፍታችሁ «ኦፕን» መስኮት ውስጥ ፋይሉን ምረጡ፤ ከ«ኦፕን» ቁልፍ ጎን ባለው ትንሽ ቀስት «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» በሉት።

መፍትሔው ግን ፍላሽ ላይ አለመሥራት ነው። ፋይሉን ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፤ እዚያ ሥሩ፤ ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉ፤ መልሳችሁ ገልብጡ፤ «ኢጀክት» ብላችሁ ንቀሉ። ፍላሽን ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ መተው አይገባም፤ ፋይሎችን ደብቆ በሾርትከት የሚተካው ቫይረስም ሆነ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው የሚደርሱት የተሰካው ላይ ነው።

ኤክሴልን በሚመስለው ነጻ ፕሮግራም፣ በሊብሬኦፊስ ካልክ፣ ለምትሠሩ፦ «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሎድ/ሴቭ»፣ «ጄኔራል» ውስጥ ሁለቱንም ታገኛላችሁ፤ በየደቂቃው የሚይዘውንም፣ ሴቭ ሲደረግ የቀድሞውን የሚያስቀረውንም። የሚያስቀረው ቢ-ኤ-ኬ የሚል ኤክስቴንሽን አለው፤ በተለምዶ የሚቀመጠውም ከፋይሉ ጎን ሳይሆን በተጠቃሚው ስም ሥር ባለው «ባክአፕ» ፎልደር ውስጥ ነው። ሁሉም ወደ አንድ ፎልደር ስለሚገቡ፣ በጥቅምት ፎልደርም በኅዳር ፎልደርም «ደመወዝ» የሚባል ፋይል ካለ የአንዱ መጠባበቂያ በሌላው ላይ ይጻፋል። አዲሶቹ እትሞች መጠባበቂያውን ከፋይሉ ጎን የማስቀመጥ ምርጫ አላቸው፤ ከሌላችሁ የእያንዳንዱ ፋይል ስም የተለየ ይሁን።

ዋንድራይቭ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ የሚሠራው ኦቶሴቭ እንደገና ሌላ ነው። እሱ ዋናውን ፋይል በየቅጽበቱ ይጽፋል፤ ስህተታችሁንም ጭምር። «እስኪ ልሞክር» ተብሎ የተሰረዘ ዓምድ ወዲያው ይመዘገባል። ለመመለስ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ቨርዥን ሂስትሪ» አለ፤ በጎግል ሺትስም «ፋይል» ሥር ተመሳሳዩ አለ፣ ለእትሙ ስም መስጠትም ይቻላል። ለሙከራ ግን ቅጂ አውጥታችሁ ሥሩ።

እስካሁን የዘረዘርነው ፕሮግራሙ በራሱ የሚያደርገውን ነው። በስም ዓምዱ ምሳሌ ላይ ያለው ስህተት ከ10 ቀን በኋላ ቢገኝ፣ ኦቶሪከቨሩም ኤክስ-ኤል-ኬውም አይመልሱትም። የሚመልሰው ቀን ያለው የተለየ ቅጂ ነው፤ ይህንን የሚያደርገው ሰው ነው።

ስሙ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ይጀምር፤ ለምሳሌ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የተያዘ ቅጂ «2017-10-05 ደመወዝ» ይባል። ወሩ ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ይጻፍ፤ መስከረም 01፣ ጳጉሜን 13። እንዲህ ሲሆን ፎልደሩ በስም ተራ ሲደረደር በጊዜ ተራ ይሆናል። ዊንዶውስ በስም ውስጥ እዝባር ስለማይቀበል ሰረዝ ተጠቀሙ። ዊንዶውስ የሚያሳየው ቀን ፋይሉ ተከፍቶ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ስለሚለወጥ በእሱ አትተማመኑ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች ከፎልደራችሁ ይውጡ።

ስንት ይቆይ? የእኛ ሐሳብ፦ የየዕለቱ ለ10 የሥራ ቀን፣ የየዓርቡ ለ8 ሳምንት፣ የየወሩ መዝጊያ እስከ በጀት ዓመቱ ኦዲት ፍጻሜ፣ የሰኔ 30 ደግሞ ሕጉ ሰነድ እንዲቆይ ለሚያዘው ጊዜ ሁሉ። ቦታ ይጠባል የሚለው ስጋት እውነት አይደለም፤ 2 ሜጋባይት የሆነ ፋይል በየሥራ ቀኑ ዓመት ሙሉ ቢገለበጥ 600 ሜጋባይት አይሞላም፤ ከአንድ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ጥቂቱን ብቻ ይይዛል። ፍላሽ ግን ለማመላለሻ እንጂ ለማስቀመጫ አይታመንም፤ ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገዛ፤ «ሀ» እና «ለ» ተብለው ይጻፍባቸው። አንዱ ቢሮ ውስጥ ካዝና ይቀመጥ፣ ሌላው ከግቢው ውጭ። በየዓርቡ ይለዋወጡ።

ከግቢው ውጭ ማለት ምን ያህል ርቀት ነው? ደሴ ያለ መሥሪያ ቤት ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ ያለው ደሴ ቢያስቀምጥ ለእሳት፣ ለጎርፍና ለስርቆት ይበቃል፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ግን ሁለቱም ከተሞች በጥቂት ቀናት ልዩነት በጦርነቱ ተይዘዋል፤ ኮምፒውተር ተዘርፏል፣ ሰነድ ወድሟል። ያኔ 25 ኪሎ ሜትር ምንም አላዳነም። ስለዚህ ቢያንስ የወር መዝጊያዎቹ ሦስተኛ ቅጂ ከወሎ ውጭ ይኑር፤ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ባለ የበላይ መሥሪያ ቤት፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ በፈቀደው የኢንተርኔት ማከማቻ። ከከተማ የሚወጣ ቅጂ በሙሉ በ«ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ፕሮቴክት ወርክቡክ»፣ «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ» ይቆለፍ። ይህ ፓስወርድ ከጠፋ ማይክሮሶፍትም አይመልሰውም፤ በወረቀት ተጽፎ፣ በታሸገ ፖስታ፣ በኃላፊው ካዝና ይቀመጥ።

ያልተሞከረ መጠባበቂያ እንደሌለ ይቆጠር። በወር አንድ ጊዜ አንድ ቅጂ ከዲስኩ ተወስዶ በሌላ ኮምፒውተር፣ «ሙከራ» በተባለ ፎልደር ይከፈት። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ረድፍ፣ የሠራተኛው ብዛት፣ የተጣራ ደመወዝ ድምር ከተፈረመው ወረቀት ጋር ይመሳከር፤ ከመሃልም አምስት ስሞች ተመርጠው ደመወዛቸው ይታይ። ድምር ብቻ ማየት ቀደም ብለን ያነሳነውን የስምና የደመወዝ መቀላቀል አያጋልጥም። ከሌላ ፋይል የሚስብ ቀመር ካለ ያ ፋይልም አብሮ መገልበጡን ያኔ ታውቃላችሁ።

ስለ መብራት አጭር ቃል፦ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) የሚሰጠው ደቂቃዎችን ነው፤ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት እንጂ ሥራ ለመቀጠል አይደለም። ባትሪው የደከመ ዩፒኤስ እንደሌለ ነው፤ የደመወዝና የግዥ ኮምፒውተሮች ቅድሚያ ይሰጣቸው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊና አንድ ተተኪ በደብዳቤ ይመድብ፤ ሥራውም በሥራ ዝርዝራቸው ይግባ። በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ከሆነ በሥራ ብዛት ሳምንት፣ ማለትም በጣም በሚያስፈልግበት ሳምንት፣ ይቀራል። የሁለቱ ዲስኮች ግዥ በሚቀጥለው በጀት ይያዝ። ሠራተኛ ሲዛወር የሚፈረመው የርክክብ ቅጽ ላይ ዲስኮቹ፣ የፋይሎቹ ዝርዝርና የታሸገው የፓስወርድ ፖስታ እንደ ማንኛውም ንብረት ተቆጥረው ይግቡ። የዘንድሮው የሰኔ 30 መዝጊያ ፋይሎች ደግሞ የሐምሌ ሥራ በላያቸው ሳይጻፍ በፊት በሦስት ቦታ ተገልብጠው፣ ከፍቶ ያረጋገጠው ሰው ስምና ፊርማ ይኑራቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ የሒሳብና የኮምፒውተር ባለሙያዎች